የቾልዌ አባት ምሰሶ

ሲያንጎቦ፣ ወንዝ ዳር
እሁድ ከሰዓት፣ መስከረም 19

ለቾልዌ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ያ የመዳብ ጉድጓድ ሳልህን አባሰው ወይስ ተሻለህ? እኛ በሕይወት አለን። እንደ ልማዴ «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ። ትምህርት ቤት ከእረፍት ከተከፈተ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሲማውን፣ ቆርሼ ስይዘው እዚያው እጄ ላይ ይበርዳል።

ስድስት ዓመት ሙሉ በመንገደኛ እጅ ሳሙናና ጨርቅ ልከሃል። አንድ ቀን እንኳ ግን «ወንዙስ?» ብለህ ጠይቀህ አታውቅም። አልፈርድብህም፤ እኔም ስለሱ ባላወራ እመርጥ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ የወንዙ ነው፣ የልጃችን የልዌንዶም ነው።

ልጅህን መንገድ ላይ ብታገኛት አታውቃትም። ቁመቷ ከኔ አልፏል፣ አንገቷ ያንተ ነው፣ ግትርነቷም ያንተ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ የትምህርት ወቅት ሲጀመር አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ለፈተናቸው ሲሉ ኃላፊነቱን ለአሥራ አንደኞቹ ያስረክባሉ። ዘንድሮ የተማሪዎች መሪ ያደረጉት እሷን ነው። የመሪነቱን ምልክት ደረቷ ላይ ሲያደርጉላት እኔም ከሴቶቹ ጋር እልል አልኩ። እልልታዬን ሳልጨርስ ልጄ መናገር ጀመረች።

አዲሶቹ መሪዎች ለመንደሩ የሚሠሩትን ሥራ የሚያሳውቁት ያን ዕለት ነው። አምና የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ኖራ ቀቡ፣ ካቻምና የአሮጊቶቹን ጣሪያ ከደኑ። የልጄም እንዲሁ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር።

«የእጅ ፓምፑ ከተሰበረ ወዲህ እናቶቻችን ወደ ወንዙ ተመልሰዋል» አለች። «የውሃው አጥር ደግሞ ጎርፍ ከወሰደው ጀምሮ ያቆመው የለም። ዘንድሮ እኛ እናቆመዋለን።»

ውሃው ውስጥ ምሰሶ በምሰሶ እየተጠጋጋ የሚቆመውን፣ አዞውን ከውጭ አስቀርቶ እኛን ከውስጥ ያስቀዳን የነበረውን አጥር ማለቷ ነው። ቾልዌያችን የተበላበትን ቦታ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩና «ምልክቱን ንጠቋትና ለሌላ ሰው ልጅ ስጡልኝ» አልኩት። መምህር ሃንጎማ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እትዬ፣ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ግን ይህችን ልጅ ማን ይመልሳታል? እርስዎ ከመለሱልኝ እልልታው የኔ ነው» አለኝ።

ጫማዋን ደበቅሁባት። በባዶ እግሯ ሄደች። ማታ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

«ወንድምሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ባልዲሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ» አለች። «እኔ ክፍል ቁጭ ብዬ መምህሩ የሚለውን የምሰማ ይመስልሻል? ከወንዙ ጩኸት መጣ አልመጣ ብዬ ነው የማዳምጠው። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትፈሪው?»

ጫማዋን አውጥቼ ሰጠኋት።

አጥሩ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ተሠራ። ተማሪዎቹ ግንዱን ከጫካ ተሸክመው መጡ፣ ዓሣ አጥማጆቹ በታንኳ ዙሪያውን ጠበቁ፣ ልጆች ከበሮና የተቀደደ ባልዲ ደበደቡ። ልዌንዶ ወገቧ ድረስ ገብታ «ያዝ! ቀጥ አድርገው! አንተ ወሬኛ፣ ግንዱን ነው ወይስ ሴቷን ነው የምታየው?» እያለች ታዛለች። ሰው ይስቃል። እኔ ዳር ቆሜ ውሃውን ብቻ አያለሁ። ድንገት ጥቁር ነገር ወደሷ ሲንሳፈፍ አየሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ከነልብሴ ውሃው ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

«የበሰበሰ ግንድ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! እባብ ያየ በልጥ በረየ!» ብላ ጮኸች እማማ ናሙንጋ፣ የቅል ፒፓዋን ከአፏ ሳታወጣ። «እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ የሚበላኝ አጥቼ ተቀምጫለሁ!»

ሳቁ ገና ሳያልቅ ከታንኳው ላይ አንዱ ዝም ብሎ እጁን ዘረጋ። ማዶ ካለው ሸምበቆ ሥር ሁለት ዓይን እኛን ያያል። ታንኳውን ወደሱ ሲያዞሩት ጠለቀ። እያየሁት ሳለ ያን ያህል አልፈራሁም፤ የገደለኝ መጥለቁ ነው። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን እየጠለቀ ነው።

ሲመሽ አጥሩ አለቀ፣ ከአንድ ምሰሶ በቀር። በጥልቁ በኩል፣ ያንተ ቦታ። ሕጉን ታውቀዋለህ፦ የየቤቱን ምሰሶ የቤቱ ባለቤት ራሱ ይተክላል፤ በሕይወት ያለን ሰው ምሰሶ ሌላ ከተከለው ሰውዬውን እንደ መቅበር ነው።

ቾልዌን የወሰደው አዞ በገባበት ዓመትም ክፍተቱ እዚያው ነበር። ምሰሶህ ተቆርጦ ጓሮ ተጋድሟል፤ አንተ «ስመለስ እተክለዋለሁ» ብለህ የአጎትህ ልቅሶ ሄድክ። ሁለታችንም ይህን አውጥተን ተናግረነው አናውቅም። ልቅሶ መሄድ ኃጢአት አይደለም፣ የቾልዌ አባት። ይህን ልነግርህ እያሰብኩ ሳለ አንተ ፊትህን አዙረህ ወደ መዳቡ ሄድክ።

የመንደሩ ሹም አባባ ሲያንኩኩ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቁኝ። «የቾልዌ እናት፣ ባልሽ አለ ወይስ የለም? ካለ መጥቶ ይትከል። ከሌለም ተናገሪና ለሙት እንደሚደረገው አልቅሰን እኛ እንትከልለት።»

አንዲት ቃል ነበረች። «የለም» ብል ክፍተቱ ያኔውኑ ይደፈን ነበር። አፌን ስከፍት ልጅህ ቀደመችኝ።

«አባቴ አልሞተም! እስኪመጣ ክፍተቱ ላይ እኔ እቆማለሁ!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን በየማለዳው የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል ወርዳ፣ የደንብ ልብሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ሴቶቹ ቀድተው እስኪወጡ ክፍተቱ ውስጥ ትቆማለች። በረጅም እንጨት ውሃውን ትመታለች። እሾህ ከምረንበት ነበር፤ ወንዙ በአንድ ሌሊት ጠረገው። ሌሎቹ መሪዎች በተራ እንቁም ቢሏት «የኛ ቤት ቦታ ነው» አለቻቸው። እኔ ከኋላዋ ገብቼ ልብሷን ጨምድጄ እይዛለሁ። «ልቀቂኝ እማዬ፣ የተማሪዎች መሪ በእናቷ ትያዛለች እንዴ? ሰው ይስቃል» ትለኛለች። ይሳቅ። ጣቶቼ ስር ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ብርዱ ነው ትላለች።

አባባ ሲያንኩኩ ጨረቃ ሙሉ እስክትሆን ታግሠውኛል። ያን ቀን ካልመጣህ ሰው ሁሉ ባለበት «የለም» እላለሁ። ያለቅሱልሃል፣ እኔም አለቅስልሃለሁ፣ ምሰሶህንም ይተክሉልሃል። ልዌንዶ ዕድሜ ልኳን ላትምረኝ ትችላለች። ቢሆንም እላለሁ። አንተን በቁምህ እቀብራለሁ እንጂ ሁለተኛ ልጅ ለዚያ ወንዝ አልሰጥም።

ምሰሶውን ግን ቆርጬ ልጬዋለሁ። የድሮው ቦታ ጓሮ ተጋድሟል። ብቻዬን ላነሳው ሞክሬ አቃተኝ፤ ለሁለት ሰው ነው። የበቆሎ መጠጡን፣ ቺብዋንቱንም፣ ጠምቄያለሁ፤ አንተ እንደምትወደው እስኪቆመጥጥ አቆየዋለሁ።

ከመሬት በታች የጠበቀህ አምላክ ከመሬት በላይም ይጠብቅህ። መንገዱ አቧራ ነውና አፍህን ሸፍን።

ልዌንዶ አሁን አጠገቤ ጫማዋን እየጠረገች ነው። «ምን ጻፍሽለት?» አለችኝ። «ደህና ነን ብዬ ነው» አልኳት።

የቾልዌ እናት፣
የልዌንዶም