የኑግ ዘይቱና የእምዬ ደም

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ ፳፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ውድ ወንድም ዓለም አንሙት፣

«እናታችን ስትሞት ተሠቃየች ወይ?» ብለህ ሰው ልከህ ስትጠይቀኝ፣ «የለም፣ በሰላም አረፈች» ብዬ መልሼልህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። ጫካ ለጫካ በምትንከራተትበት ሰዓት ሐዘን እንዳልጨምርብህ ብዬ ነው። አሁን ግን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ።

ጣሊያኖቹ አንተን ፍለጋ ሮብ ገበያ ድረስ መጥተው ሲያጡህ ቤታችንን ለኮሱት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። ስደርስ ጎረቤቶች እምዬን ጎትተው አውጥተዋታል፤ ጀርባዋና ሁለቱም እጆቿ ተቃጥለዋል። ጭሱ ጉሮሮዋን ስለዘጋት ቅቤ አቅልጬ አቀረብሁላት።

«ጾም እኮ ነው ልጄ፤ አንተ ራስህ ዲያቆን አይደለህም?» ብላ ፊቷን አዞረች።

በጥር የላክህላት የኑግ ዘይት ነበር። ጠርሙሱ ከደጅ ድንጋዩ ላይ ሁለት ወር ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ሽታው ተለውጧል። እሳት ያጠራዋል ብዬ እስኪጨስ አፈላሁት። ሲበርድ አጠጣኋት፤ ቁስሏንም ቀባሁበት። «ተባረክ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽንቷ እንደ ጠላ ጠቆረ፤ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። በቃሬዛ ደብረ ማርቆስ አደረስናት። በማግስቱ ሞተች።

እዚህ ክሊኒክ ቁስል የሚያጥብ እንዳላማው የሚባል ያገራችን ሰው አለ። ሽንቷ ለምን እንደጠቆረ ጠየቅሁት። «ደሟ ፈርሶ ከሽንቷ ተቀላቅሎ ነው» አለኝ። የዘይቱን ነገር ስነግረው የተረፈውን አምጣ አለ። ጣቱን ወግቶ ጨው ባለበት ውኃ በሁለት ብልቃጥ ደሙን አንጠባጠበ። በአንዱ አዲስ ዘይት፣ በሌላው ያመጣሁለትን የእኔን ጨመረበት። እስከ ቀትር ጠበቅን። አዲሱ ዘይት ባለበት ደሙ ከሥር ዘቅጦ ውኃው ጠርቷል። የእኔው ግን ከላይ እስከ ታች ቀልቷል፤ ከሥሩ የዘቀጠ ምንም የለም።

«ፀሐይና እሳት ዘይቱን ያበላሹታል። የተበላሸው ደሙን ያፈርሰዋል» አለ።

«እንግዲያ የገደልኋት እኔ ነኝ?»

ብልቃጦቹን አስቀመጠ። «በብልቃጥ ያየነው በሰው ሆድ ውስጥ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቃጠሎም ብቻውን ደም ያፈርሳል። የሚለይልህ ሰው ያለ አይመስለኝም።»

አዎ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ንስሐ እገባ ነበር። አሁን ለነፍስ አባቴ ገደልሁ ልበል፣ አልገደልሁም ልበል?

ትናንት አክስታችን የብርጓል መጣች። የእነሱም መንደር ተቃጥሎ እጇ ተልጧል። «እናትህን ያስታመምህ አንተ ነህ፤ ምን ልቀባው?» አለችኝ። እጇን እያየሁ ተቀመጥሁ። ጥቂት ጠብቃ ሌላ ሰው ልትጠይቅ ሄደች።

ብትቆጣም መንገዱ ተይዟልና አትውረድ። የምትለኝን በሰው ላክብኝ፤ ምንም ቢሆን እቀበለዋለሁ።

ወንድምህ ዲያቆን ደምለው