ጥላህን ዘቅዝቀው ሰቅለውታል

አባዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ዱብቲ ሆስፒታል ውስጥ እጄን ለቀህ ከሄድክ ሁለት ረመዳን አለፈ። በሁለቱም እማ ያንተን ተምር ለይታ አስቀመጠች፤ በሁለቱም የጎረቤት ልጆች በሉት።

አዋሽ ያለው ቤት ደህና ነው። የተከልካት ኒም ከጣሪያው አልፋለች። ተሳቢ መኪናህን ታቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን የጎረቤት ባጃጅ ያድራል፤ እማ ማታ ሞተር በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። እኔ ሰመራ ነኝ፣ የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ እሠራለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለፈራሁ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ አዳራሽ መግባት አለብኝ።

አፍዴራን ታስታውሳለህ? ጨው እስኪጭኑልህ እኔ ካሜራዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር እወርድ ነበር። ውሃና ጨው የበሉት ድንጋይ አንዱ የማር እንጀራ ይመስላል፣ ሌላው የአሮጊት መዳፍ፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንንም አይመስልም፣ እኔ የምወደውም እሱን ነበር። አንተ ከጋቢና ወርደህ ትከተለኛለህ። «የሰው ልጅ ሠርግ ያነሣል፣ የኔዋ ድንጋይ ትሞሽራለች» እያልክ ለሾፌሮቹ ታወራብኛለህ። አንድ ማለዳ ፀሐይ ከኋላችን ሆና ጥላህ ካነጣጠርኩት ድንጋይ ላይ ወደቀ። «አባዬ፣ ጥላህን ሰብስብ!» ብዬ ጮህኩ። «የት ላድርገው፣ ልጠቅልለው?» አልክ። ስስቅ ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው። የኔም ጥላ ካንተ አጠገብ ገብቷል፤ ክርኖቼ ወጥተው፣ ሻርፔ እየተውለበለበ።

ያ ፎቶ ነው አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው፣ አባዬ። በአለቃዬ ስም። ለቢሮው ዐውደ ርእይ የሰጠሁትን ወስዶ፣ ሻርፔ እንዳያጋልጠው የኔን ጥላ ቆርጦ ጥሎ፣ ከሥሩ የራሱን ስም አጻፈ። ያንተ ግን የሰው ጥላ መሆኑን እንኳ አላወቀም። ትናንት ሲሰቅሉት ደረስኩ፤ ላዩን ታች አድርገውታል። ትከሻህና ኮፍያህ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። አንድ እንግዳ «ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?» ብሎ አለቃዬን ቢጠይቀው፣ «ዋሻ ነው» አለው። ዋሻ አለህ!

እንግዳው ሲሄድ ፎቶው የኔ እንደሆነ፣ የተሰቀለውም ተገልብጦ እንደሆነ ነገርኩት። ሳቀ። «ድንጋዩ የክልሉ ነው፤ አንቺ አልጠረብሽው። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በየትም በኩል ቢሰቀል ያው ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሥራ ውሌን የሚያድሰው እሱ መሆኑን አስታወሰኝ።

ለእማ ደወልኩላት። «ሰዓዳዬ፣ ድንጋይ ነው፤ ተይላቸው። ሥራሽን ያዢ» አለች። ያለ እኔ ማንም እንደሌላት አውቃለሁ። ጥላው ያንተ መሆኑን አልነገርኳትም። ብነግራት በመጀመሪያው ሚኒባስ ዱላ ይዛ ትመጣለች።

ያልተቆረጠው ግን ካሜራዬ ውስጥ አለ። ዛሬ ጠዋት ሎጊያ ሄጄ በትልቁ አሳተምኩት፤ እንዳይታጠፍ በሽርጥህ ጠቅልዬ አጠገቤ አስቀምጬዋለሁ። ከሰዓት እንግዶቹ ሲሰበሰቡ አለቃዬን በሁሉም ፊት የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ይመልስም አይመልስም ፎቶውን በገዛ እጄ እገለብጠዋለሁ። ከጎኑ ይህን እዘረጋለሁ። ይህ ዋሻ አባቴ ነው፣ ይህቺ የተቆረጠችው ደግሞ እኔ ነኝ እላለሁ።

ነገ ሥራ ባይኖረኝ ለእማ ምን እንደምላት ገና አላወቅሁም፤ እሱ ያስፈራኛል። አንተን ተዘቅዝቀህ ትቼህ ወጥቼ፣ ወር ደርሶ ደመወዝ መቀበል ግን ከዚያ ይብሳል።

አባዬ፣ ስንት ድንጋይ ሳነሣ አንተን አንድም ቀን ፊትህን አላነሣሁህም፤ ያለኝ ይህ ጥላ ነው። ማንም እንዲቆርጠው አልተውም። ማታ የአዋሽ መኪና ካገኘሁ ለእማ ይዤላት እሄዳለሁ፤ ከኒሟ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፤ እግርህ ወደ ታች፣ ራስህ ወደ ላይ፣ እኔ ካጠገብህ።

ልጅህ ሰዓዳ