የአባባ መኪና ሽታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት በጤና ያግኝህ፤ እኛ ደህና ነን።

የአባባ አሮጌ መኪና ሻጋታ ሻጋታ ስትሸት፣ «መስኮቱን ከፍተው እየረሱ ነው!» ብዬ ተቆጣኋቸው። በኋላ ምንጣፉን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ ለካ ዝናቡ የሚገባው በተሰነጠቀው የበር ጎማ ኖሯል። ጎማውን አስቀየርኩ፣ ወንበሩን በኮምጣጤ አሸሁ፣ ከሥሩ ከሰል አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ሽታው ጠፋ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ምን አጠፋሽ ልጄ» ብለው ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት። «ከእንግዲህ አንቺው ንጂያት።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዘንድ ዝር አላሉም። ደረጃውን ሲወጡ ሁለቴ አረፍ ይላሉ፤ እራትም ሲቀርብ «በኋላ» ነው መልሳቸው።

የዓመት ፈቃድህን ለክረምት ከምታቆየው በዚህ ወር ብትወስደውስ? መኪናዋ እንዴት እንዳማረባት ታያለህ።

ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ።

ናፋቂህ ታናሽ እህትህ