ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ያየሁህ ዕለት

መሐል ሜዳ
መጋቢት ፳፪ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዲያቆን ቴዎፍሎስ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ በዓይኔ አይቼሃለሁ። እኔም አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገቱን እምቢ ብሎኛል። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቆጠርኩት ፊደል። ለሰው ነግሬ የማስጽፈው ነገር አይደለምና ስህተቱን እለፈው።

የበልጉ ዝናብ ዘግይቶብናል። ጎረቤታችን ዘነበች ልጇን ገሊላን ወደ ዐረብ አገር ስትሸኝ፣ “ብቻዬን አልችለውም፣ የትምዬ” ብላ ለመነችኝና አብሬያት አዲስ አበባ ወረድኩ።

ቦሌ አንተን የሸኘንበት ቦሌ አይደለም። የመንገደኛውን አዳራሽ እያሰፉት ነው። ያኔ የገባህበት በር በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከአሮጌው ጎን የተነሣው አዲሱ ሕንፃ የኛን ገበያ ከነከብት ተራው ይውጠዋል። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ዘበኛው፣ “እማማ፣ በዚህ በኩል ሥራ ላይ ነው፤ በወዲያ ይዙሩ” አለን።

የገሊላን ሻንጣ እየጎተትን በአጥሩ ሥር ስንዞር የጭነት መኪና ሊገባ በሩ ተከፈተ። ውስጥ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ወንዶች ትልቅ መስታወት ተሸክመው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። አለቃቸው “ቴዎፍሎስ! በአንተ በኩል ዝቅ አድርገው!” ብሎ ጮኸ። የልጄ ስም ነው ብዬ ብቻ ዞር አልኩ። አንተ ነበርክ። የራስ ቁሩ ግንባርህን ቢሸፍነውም፣ ታቦት ሲወጣ ጥላ ይዘህ እንደምታደርገው ከንፈርህን ነክሰሃል።

ስምህ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ብጠራህ ግን ትደነግጣለህ፤ ብትደነግጥ መስታወቱ እናንተው ላይ ነው። አፌን በነጠላዬ ያዝኩት። መኪናው ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ዘነበች እንባዬ ለገሊላ መስሏት “አይዞሽ” አለችኝ።

ገሊላ ከገባች በኋላ ተመልሼ ዘበኛው ዘንድ ቆምኩ።

“ማንን ፈልገው ነው?”

“ማንንም” አልኩት።

ምን ልበለው? በዚያው ሳምንት እኮ በስልክ “እማዬ፣ እዚህ ካናዳ በረዶው ገና አልቀለጠም” ብለኸኛል። አባትህም ከጎኔ ሆነው “ጆሮውን ይሸፍን በይው” ይሉኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ምን እንደገጠመህ አላውቅም። እኛ ውጭ ቆመን፣ አውሮፕላን ሲነሣ ነጠላችንን አውለብልበን፣ “ሄደ” ብለን ተመለስን። ያን ጊዜ አንተ የት ጥግ ቆመህ እንደነበር ሳስብ ነው እንቅልፍ የማጣው። ወረቀቱ ሐሰት ነው ብለው መለሱህ? ደላላው ከዳህ? ደብሩ በሙሉ መርቆ ሸኝቶህ በማግስቱ መመለሱ ከብዶህ ይሆናል፤ ይገባኛል። መናገር ካልፈለግህ ተወው። ግን ደክሞኛል፣ ልጄ። ካየሁህ ወዲህ ሰው “ካናዳ እንዴት ነው?” ሲለኝ አንተን በሌለህበት አገር ማኖሩ ደክሞኛል። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ፣ ገና “ሃሎ” ስትል ወደዚያው ወሬ ትገባለህ፤ እኔም ተከትዬህ እገባለሁ።

አባትህ ከጥምቀት ወዲህ ማኅሌት አልቆሙም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ አነጋገረኝና ለእሳቸው “እቤትዎ ይረፉ፣ ያማረዎትን ይብሉ” አላቸው። ምንም አያምራቸውም። አጥሚት ባቀርብላቸው ከንፈራቸውን አርሰው ይመልሱልኛል።

ትናንት ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቼ አስቀምጫቸው ሳለ አንተን ማየቴን ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ተቆጡ ብዬ “መሪጌታ፣ ልጅ ነው፤ አፍሮ ነው” ማለት ጀመርኩ።

“ምን ሲሠራ ነው ያየሽው?” አሉኝ።

“አዳራሽ ይሠራሉ። መስታወት ያቆማሉ።”

“ጤናውስ?”

“ከስቷል። ግን ጠንክሯል።”

“እኔ እኮ ባሕር ማዶ ነው፣ አይደርስልኝም ብዬ ትቼው ነበር” አሉ። ማታ አጥሚቱን እስከ ኩባያው ቂጥ ጠጥተው “ድገሚኝ” አሉኝ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የአክስትህ ልጅ ባስልዮስ ነው። በምሳ ሰዓት በአጥሩ በር እንዲጠብቅህ ነግሬዋለሁ፤ አትሽሸው። አለቃህን አስፈቅደህ አብረኸው ተሳፈር። ምንም ይዘህ አትምጣ፤ በዚያው በሥራ ልብስህም ቢሆን ና። ሰው ሲጠይቅ መልሱን እኔ እመልሳለሁ፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበት አላጣም።

ከፍታ ላይ ስትወጣ እመቤቴ እግርህን ታጽናልህ። እጅህ ያቆመው አይውደቅ። በዚያ አዳራሽ አልፈው የሚሄዱትን ልጆች ሁሉ ለእናቶቻቸው ትመልስልን።

መልስ ልጻፍላት ብለህ ጊዜ አታጥፋ።

እናትህ
የትምወርቅ