ስለ ጋዝ ቀላቃያችን ስለ «ጋሽ ለካችሁ» ዕረፍትና ስለ ነገው ጠለቃ

የጥልቅ ውኃ ሠራተኞች ማኅበራችን የጋዝ ክፍል ኃላፊ፣ ጠላቂዎች ከውኃ በታች የሚተነፍሱትን የሚቀላቅሉልን፣ ሁላችንም «ጋሽ ለካችሁ» የምንላቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ በእጅጉ አዝኗል። ጭንቀትም ነበረበት። ነገ ሐሙስ በሰባ ሜትር ጥልቀት ለሚጠገነው የግድብ በር የተዘጋጁትን ስድስት የጋዝ ሲሊንደሮች እሳቸው የሞሉት ቅዳሜ ዕለት፣ እያማቸው ነበርና።

በ1984 ዓ.ም. የአየር መጭመቂያ ሞተር ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ተራ አየር ከታች ሲተነፍሱት እንደ መጠጥ እንደሚያሰክር፣ ኦክስጅንም ሲበዛ እንደሚያንፈራግጥ ተምረው፣ ሂሊየም መቀላቀል የጀመሩ የመጀመሪያው ባልደረባችን ናቸው።

በ1993 ዓ.ም. ተሳሳቱ። ሥራው አስቸኳይ ስለነበር ሲሞላ የጋለው ሲሊንደር ሳይቀዘቅዝ፣ ሙቀት ከልክ በላይ የሚያሳየውን ግፊት አነበቡ፤ ድብልቁንም ሳይለኩ ፈረሙ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የእሳቸው ግን የሚለቀም አልነበረም። በዚያው ጋዝ የወረደው ጠላቂ ከታች ራሱን ሳተ፤ ጓደኛው ጎትቶ አወጣውና ተረፈ። ሪፖርቱን ራሳቸው ጽፈው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲሉ ፈረሙበት። ከእኛ መካከል ይህን የማናደርግ ብዙ ነን።

ከዚያ ወዲህ በክፍላቸው የሞላ አይፈርምም፤ የሚተነፍሰው ራሱ ለክቶ ይፈርማል። በር ላይ ቆመው «ለካችሁ?» ሲሉ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር አሰልችተዋል። ከእሳቸው ክፍል በወጣ ጋዝ ዳግም የተጎዳ ሰው የለም።

በ2009 ዓ.ም. ሥልጠና ጀምረው አሥራ አንድ ቀላቃዮችን አፍርተዋል። ከእነዚህ አራቱን ተቆጥተው አባርረው፣ በማግስቱ ራሳቸው ደውለው ጠርተዋቸዋል።

አንዳንድ አባላት የቅዳሜው ጋዝ ተለቅቆ እንደገና ይሞላ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ነውር የለበትም፤ ሟቹም ቢሆኑ ይህንኑ ይሉ ነበር። ሆኖም ጠላቂ የሆነችው ልጃቸው «እንግዶቼን ልሸኝና እመጣለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካብኝ» ብላ ላከችብን። ዛሬ ረፋድ መጥታ ስድስቱንም በእጇ ለካች። ኦክስጅን አሥራ ስድስት፣ ሂሊየም አርባ አምስት በመቶ፣ የቀረው ናይትሮጅን፤ ልክ እንደታዘዘው።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ልጃቸውን በሌላ ጠላቂ እንተካሽ ብንላት እምቢ ብላለች። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትወርዳለች፤ ሰባ ሜትር ላይ የምትተነፍሰውም አባቷ የቀላቀሉላትን ነው።