ራባባ የሆነው ክራርህ

ታዴ፣ የኔ ልብ፣

አንተን ከቀበርን ሁለተኛው ዝናብ ገብቶ ወጣ። ደክሞኛል። ጁባ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ምግብ ቤታችን እንዳለ ነው። ጠዋት ጄኔሬተሩን አስነሳለሁ፣ ዓሣ አስጠብሳለሁ፣ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ልጃችን ፌቨን በቁመት በልጣኛለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ክራርህ ነው። ነገሩን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

አንተ ባረፍክ ሰሞን ጣሪያው አፈሰሰና ከአባትህ የወረስከው ክራር በተሰቀለበት ራሰ። ሳወርደው ቆዳው ተቀዷል፣ አግዳሚው እንጨት ተሰንጥቋል። ክራር የሚጠግን ሀበሻ ጁባን ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። ወንድምህ ከአዲስ አበባ ደውሎ "የአባታችን ነው፤ እንዳለ ላኪልኝ፣ ሳሎኔ እሰቅለዋለሁ" አለኝ። እሺ አልኩት። በነጠላህ ጠቅልዬው ወደ አዲስ የሚሄድ ሰው እጠብቅ ነበር።

ያኔ ነው ፌቨን "እማዬ፣ እኔ ልጫወትበት" ያለችኝ። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ክራር ነክታ አታውቅም። ለካ ንያኩሮን የባህል ማዕከል ከጓደኞቿ ጋር ራባባ ስትማር ኖሯል፤ እዚህ አገር ሰዎች የሚጫወቱት፣ ክራር የሚመስለው ባለ አምስት ክር። መምህሯ ጋትሉዋክ ይባላል፤ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው እንደ እኛው የሆነ ሰው ነው። በቦዳቦዳ ሞተር የናይልን ድልድይ ተሻግረን ጉምቦ ሰፈር ቤቱ ሄድን።

ክራሩን አገላብጦ አየው፤ በጣቱም መታ መታ አደረገው። "ገበቴው ደህና ነው፣ እትዬ። ግን ክራር አድርጌ ልመልስልዎ አልችልም፤ ሙያው የለኝም። ራባባ ላደርገው እችላለሁ። አንዴ ከቆረጥኩት ደግሞ መመለሻ የለውም" አለኝ።

ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ፌቨን አልለመነችኝም። የተገነጠለውን ቆዳ በመዳፏ ተጭና ይዛ ነበር፣ ቁስል እንደሚያዝ።

"ቁረጠው" አልኩት።

መዳፍህ ያጠቆረው ቆዳ መሬት ሲወድቅ ፊቴን አዞርኩ። አዲስ የፍየል ቆዳ ወጠረበት፤ አግዳሚውን ቀየረ። በጅማቱ ፋንታ ከሞተር ሳይክል ፍሬን ገመድ የፈታውን ቀጭን ሽቦ ዘረጋበት፣ አምስት ብቻ።

ለወንድምህ ደውዬ ራሴ ነገርኩት። "ወንድሜን ደግመሽ ቀበርሽው" አለኝና ዘጋው። እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። ለማስረዳት አቅም አጣሁ፣ ታዴ። ያለኝን አቅም ምግብ ቤቱ ይጨርሰዋል።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ፌቨን ንያኩሮን መድረክ ላይ ተጫወተችበት። እውነቱን ልንገርህ? ድምፁ ያንተ አይደለም። ይሻክራል፤ ሽቦው ይንጫጫል። አንገቴን ደፍቼ በውስጡ ፈለግኩህ፣ አጣሁህ። ቀና ስል ሰዉ ተነስቶ ይጨፍራል፣ ፌቨን ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ከታመምክ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ተነስቼ አጨበጨብኩ፤ ሲደክመኝ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች አሮጊት ልጅሽ ናት ወይ ብላ በጁባ ዓረብኛ ጠየቀችኝ። እኔ በአማርኛ "የእኔና የታደሰ" አልኳት። እንደገባት ሰው ራሷን ነቀነቀች።

እንግዲህ ድምፅህ ከዚያ እንጨት ወጥቷል። የቀረው እኔ ጋ ነው፤ ቢደክመኝም እይዘዋለሁ። ስትቃኝ ዓይንህን ጨፍነህ ከንፈርህን የምትነክሰውን፣ ግጥሙ ሲጠፋህ በስሜ የምትሞላውን። ፌቨን ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ። ሳትጠይቀኝም እነግራታለሁ።

የአንተው
አልማዝ