የእናንዬን ነገር ልንገርህ

አባባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሞላን። ቤቱ ደህና ነው፤ ጣራው ተቀይሮ ማፍሰስ አቁሟል፣ ገብሱም ታጭዶ ገብቷል። እኔ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ደባርቅ ሥራ ይዣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት እመጣለሁ። ግን አንተ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እናንዬ እንደሆነ አውቃለሁ። የእህቴ ነገር ነበር ጭንቅህ፤ እንዳትወድቅ ፈርተህ ከሰው መሃል እንዳስቀረሃት ሄድክ።

የሚጥል በሽታዋ መድኃኒት እንቢ እንዳለ ነው። ሐኪሟ አንዱን ጨመረች፣ ሌላውን ቀየረች፤ በየሳምንቱ መውደቋ ግን አልቀረም። አምና አንድ መምህራችን ስለ አንድ ሕክምና ነገረን። ቀጭን ሽቦ አንጎል ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ በሽቦው በኩል ጥቂት ጥቂት ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመሙን ያበርደዋል። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ለእረፍት እንደመጣሁ ምኑንም ሳላጣራ «እናንዬ ልትድን ነው» ብዬ አወራሁ።

ጎረቤታችን አያ ፈንታ «መብራት የጠፋ ቀንስ?» አለኝ። «የራሱ ባትሪ አለው» ስለው «እንዲያ ከሆነ ለኛም ቤት አንድ አስመጣ» ብሎ አሳቀን።

እናንዬ ግን ያልኩትን ከልቧ አመነችው። በፍልሰታ ጠበል ስትገባ «መሣሪያው ሊመጣ አይደል፣ ከእንግዲህ ኪኒን ምን ያደርግልኛል» ብላ መዋጧን አቆመች። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጣላት። ያን ቀን የምትሞትብኝ መስሎኝ ነበር፣ አባባ። በኔ ወሬ።

ጎንደር ወሰድኳት። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን፤ ሕክምናው አገራችን ገና አልገባም፣ ባለበትም አገር የሚጥለውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ ያድናል ማለት አይደለም፣ ኪኒኑም አይቆምም አለች። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናንዬን ይቅር በይኝ አልኳት። «አልዋሸኸኝም፣ ሩቅ ነው እንጂ» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እስኪመጣ ግን ቤት ተቀምጬ አልጠብቅም።»

የነፍስ አባታችን «ጠበሉንም ኪኒኑንም ውሰጂ ልጄ፣ እነሱ አይጣሉም» አሏት። ኪኒኗን በሰዓቱ መዋጥ ጀመረች። ከሐኪሟ አዲስ ትእዛዝ ወዲህ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ሳትወድቅ ትቆያለች። ሰንበት ትምህርት ቤትም ገብታ መዘምር ሆነች። እማዬ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ነጠላዋን የምታጥብላት እሷው ናት።

ባለፈው የጽጌ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እየዘመሩ ሳለ ወደቀች። ከኋላ አንድ ሰው «ክብሪት ጫሩላት» ሲል ሰማሁ፤ አንተም ታደርገው የነበረው ነው፣ አልፈርድበትም። ጓደኞቿ ግን አስቀድሜ እንዳሳየኋቸው በጎኗ አስተኟት፣ ነጠላ አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉላት። አፏን በእጃቸው ጠረጉላት፤ ይጋባብናል ብሎ የሸሸ የለም። እኔ ስደርስ ሥራ አልቀረልኝም።

ትንሽ አረፈች። ከዚያ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ከጎኗ ያለችውን «የቱ ላይ ደርሳችኋል?» አለቻት። ነገረቻት። ሰልፏ ውስጥ ገብታ ከዚያው ቀጠለች።

ያንን ሕክምና መከታተሌን አልተውም፤ ከእንግዲህ ግን አጣርቼ ነው የማወራው። አንተንም አልረሳህም፣ አባባ። እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ኋላ፣ አንተ ልትቆም በሚገባህ ቦታ ቆሜ፣ ስትዘምር አይልሃለሁ።

ልጅህ